ወላጅን ከመውቀስ በፊት የሥራ ሰዓቱን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ሕፃናት ጤና በተጻፈ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወላጅ ላይ ነው። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት እንደመሆኔ ይህን በዝምታ ማለፍ ከበደኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የ3 እና የ4 ዓመት ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ስክሪን ፊት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቀመጥ የለበትም። መልካም መመሪያ ነው። ነገር ግን እናቱ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ ገና ልጅ የሆነች እህቱ የምታስተኛውን ሕፃን ማን በሰዓቱ ያስተኛዋል? ስልኩንስ ማን ከእጁ ይወስዳል?

በክፍሌ እንዲህ ያለ የ4 ዓመት ልጅ አለ። ሥዕል ስንስል እርሳሱን እንደጨበጠ ያንቀላፋል። ሲነቃ ይነጫነጫል፣ ጓደኞቹን ይገፈትራል፣ የጀመረውን ቤት ጣራ ሳያለብስ ይተወዋል። ባለጌ የሚሉት አሉ፤ ይህ ያናድደኛል። እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ትኩረቱም ትዕግሥቱም ይሳሳል።

እናቱም ግዴለሽ አይደለችም። ከሥራ ወጥታ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቱን አጥባና ጥርሱን አስቦርሻ የምታመጣው ራሷ ናት። ይህች ሴት ተጨማሪ ምክር አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት የቀን ፈረቃ ነው።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ አሠሪዎችን ይጠይቅልን፦ ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ሠራተኞች በፈረቃ ድልድል ቅድሚያ የማይሰጡት ለምንድን ነው?

አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት