የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ አሳስቶኛል

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው ጋምቤላ ነው። ከዓመታት በፊት ለወባ ፕሪማኩዊን ወስጄ ሽንቴ እንደ ቡና ጠቆረ። ያኔ ነው ጂ6ፒዲ የሚባለው የቀይ ደም ሴል ኢንዛይም እንደሚያንሰኝ የተነገረኝ። ከእናቴ የወረስኩት ነው።

ዘንድሮ ውሃ ጥም ያዘኝ። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ፣ ኤዋንሲ የሚሉትን፣ ተመርምሬ 5.6 ሆነ። «ስኳር የለብህም» ተባልኩ። እኔም አምኜ ተቀመጥኩ።

በኋላ በባዶ ሆድ ስለካ 194 ወጣ! በድጋሚም ያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤዋንሲ የሚለካው ቀይ ደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ሴሉ በጤናው ወደ 120 ቀን ይኖራል። የእኔ ዓይነቱ ግን ቶሎ ስለሚሞት ስኳሩ የሚጠራቀምበት ጊዜ የለውም። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ በሽታው ግን አለ።

መድኃኒቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግሊቤንክላማይድ እንደኔ ባለ ሰው ላይ ደም ሊያፈርስ ይችላል። እኔ ሜትፎርሚን ነው የታዘዘልኝ።

ባለሙያዎች ሆይ፣ እባካችሁ ኤዋንሲ ከማዘዛችሁ በፊት «ለወባ መድኃኒት ሽንትህ ጠቁሮ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከጋምቤላ