ሼከሩ አሁንም እኔ ጋ ነው

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ? እናትህስ ደህና ናቸው? መቼም ሳትረግመኝ አልቀረህም። ስልክ ጠፍቶብኝ ነው ብዬ ልዋሽህ ነበር፣ ተውኩት። አፍሬ ነው የጠፋሁት።

ሼከሩን፣ ይችን ኮክቴል መበጥበጫ፣ ገዝተህልኝ "በቃ የራስህን ሥራ ጀምር" ያልከኝ ትዝ ይልሃል? ጀመርኩ! ባር ውስጥ ስድስት ወር እንኳን ሳልሠራ የ150 ሰው ሠርግ ተቀበልኩ፣ እዚሁ ጅማ፣ ጅሬን በኩል። በረዶ 20 ኪሎ ብቻ ይዤ ሄድኩልህ። ለአንድ እንግዳ ግማሽ ኪሎ ያህል እንደሚያዝ ማን ነግሮኝ! ሙሽሮቹ ሳይገቡ በረዶው ውሃ ሆነ፣ ሞሂቶው፣ ያው ናናና ሎሚ ያለበት ኮክቴል፣ ለብ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ቀመስ አድርገው "ልጄ፣ ይሄ የናና ሻይ ነው?" አሉኝ። የክፍያዬን ግማሽ አስቀሩት። ምን ልበል፣ እውነታቸውን ነው።

ተመልሼ ተቀጠርኩ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ ባር ነው፤ መጀመሪያ ብርጭቆ አጣቢ፣ ቀጥሎ ድራፍት ቀጂ፣ አሁን ባርማን። ማታ ከዘጋን በኋላ ባዶ የጂን ጠርሙስ ውሃ እሞላና በልቤ እየቆጠርኩ እቀዳለሁ፣ ከዚያ መለኪያ ውስጥ ገልብጬ አየዋለሁ። ባለ 750 ሚሊው ጠርሙስ ሲንግሉ፣ ማለት አንዱ መለኪያ፣ በ30 ሚሊ ሲቀዳ 25 መውጣት አለበት። እኔ 20 ነበር የማወጣው! አምስቱ እስካሁን የባለቤቱ ኪሳራ ነበር፣ ነገ ለራሴ ስሠራ ግን ከኔ ኪስ ነው የሚወጣው።

ሌላው ደግሞ እዚህ ስንቱ እንግዳ አልኮል አይነካም መሰለህ፤ ሙስሊሙ አለ፣ ጾመኛው አለ። ለነሱ ለስላሳ ከፍተህ ብቻ ከሰጠህ ማን ድጋሚ ይጠራሃል? ናናና ሎሚ በማር አድርጌ ሶዳ እሞላበታለሁ። ናናዋን ጫን ጫን ነው እንጂ አትደቁሳትም፣ ከደቆስካት ትመራለች። ይህችን ለማወቅ ስንት እስር ናና እንዳበላሸሁ አትጠይቀኝ።

በእረፍት ቀኔ ድግስ ከሚሠራ ልጅ ጋር በረዳትነት እወጣለሁ። ብሩ ትንሽ ነው፣ ግን ቀብድ እንዴት እንደሚቀበል፣ መጠጡን ማን እንደሚገዛ ቀድሞ እንዴት እንደሚነጋገር፣ ቦታውን ሄዶ ሳያይ እሺ እንደማይል አየሁ። እኔ ያኔ ውሃ በየት እንደሚገባ እንኳን አልጠየቅኩም ነበር።

ከመስከረም በኋላ ትንሽ ልደት ምናምን ልቀበል አስቤያለሁ፣ 30 ሰው፣ ቢበዛ 40። ስትመጣ እቀዳልሃለሁ። ሼከርህ ግን ሲበርድ ክዳኑ ይነክሳል፣ በቡጢ ነው የምከፍተው፤ ርካሽ ዕቃ ነው የገዛህልኝ አይደል?