ለወዳጄ፦ ስለ «ዚስ» እና «ኢት»

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉም አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ተጠፋፍተን ከረምን። ከጃቫ ወደ ሌላኛው የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ኮትሊን መዞርህን ስሰማ በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ከእንግዲህ የምናወራው አናጣም።

የላክልኝን ኮድ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የተጠቃሚው ስም ለምን ባዶ ሆኖ እንደሚቀመጥ ጠይቀኸኝ ነበር። ዳታቤዙን አትጠርጥረው፤ ምንም አላጠፋም። ጣጣው ያለው «አፕላይ» ውስጥ ነው፤ አንድን ኦብጀክት ይዘህ በውስጡ የምትሠራበት የኮትሊን ፈንክሽን ማለቴ ነው።

የስክሪኑ ክላስ (የኦብጀክቱ ንድፍ) «ኔም» የሚባል ፕሮፐርቲ፣ ማለትም እሴት የሚይዝበት ቦታ፣ አለው። አዲስ የምትፈጥረው ዩዘርም «ኔም» አለው። አንተ «አፕላይ» ከፍተህ «ኔም እኩል ነው ኔም» ብለህ ጻፍክ። የስክሪኑን ስም ለዩዘሩ የሰጠኸው መስሎሃል። ኮትሊን ግን ሁለቱንም የዩዘሩ አድርጎ ነው የሚያነባቸው። ዩዘሩ የራሱን ባዶ ስም መልሶ ለራሱ ሰጠ ማለት ነው። ኮዱም ኮምፓይል ይሆናል፤ ተርጓሚው ፕሮግራም ስህተት ብሎ አያስቆመውም።

ያሳሳተህ የጃቫ ልማድ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጃቫ 8 ላይ ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፈንክሽን) ውስጥ «ዚስ» («ይህ ኦብጀክት» ማለት ነው) ስትል ሁሌም የውጪውን ክላስ ነው የምትጠራው። ኮትሊንም ተራ ላምዳ ላይ እንደዚያው ነው። «አፕላይ»፣ «ራን» እና «ዊዝ» ግን ለየት ይላሉ፤ እነሱ ውስጥ ስትገባ «ዚስ» የያዝከው ኦብጀክት ይሆናል። «ዚስ»ን ባትጽፈውም እንኳ አለ፤ ስም በጠራህ ቁጥር ከውጪው ክላስ በፊት የሚፈለገው እዚያ ኦብጀክት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው «ዚስ ነጥብ ኔም» ብለህ ብትጨምርበትም ምንም የማይለወጠው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ያ «ኔም» የክላሱ ፕሮፐርቲ ባይሆንና የፈንክሽኑ ፓራሜትር (ፈንክሽኑ ሲጠራ የሚቀበለው እሴት) ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። ፓራሜትሩ ይቀድማልና ኮምፓይለሩ «ይህ እሴት አይቀየርም» ብሎ ወዲያው ያስቆምህ ነበር። እዚያ «ዚስ ነጥብ ኔም እኩል ነው ኔም» ማለት በትክክል ይሠራል። አንድ ዓይነት መስመር አንዱ ጋ ያድንሃል፣ ሌላው ጋ አይረዳህም። ይህን ልዩነት አጥብቀህ ያዘው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ «ዚስ» ብለህ፣ የአት ምልክት (@) አስከትለህ፣ የውጪውን ክላስ ስም ትጽፋለህ። ወይ «አፕላይ»ን በ«አልሶ» ትተካዋለህ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሁለቱም ኦብጀክቱን ራሱን ነው የሚመልሱልህ፤ «አልሶ» ውስጥ ግን ዩዘሩ «ኢት» ተብሎ ይመጣል፣ «ዚስ» እንደ ድሮው የስክሪኑ ሆኖ ይቆያል። «ኢት ነጥብ ኔም እኩል ነው ኔም» ስትል ማን ለማን እንደሰጠ ያነበበ ሁሉ ያየዋል።

ወደ «ኢት» ከገባን አይቀር፦ ላምዳው አንድ ፓራሜትር ብቻ ሲኖረውና አንተ ስም ሳታወጣለት ስትቀር ቋንቋው ራሱ የሚሰጠው ስም ነው። ግሩቪ የሚባለው ቋንቋም ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ ስዊፍት ደግሞ የዶላር ምልክትና ዜሮ ነው የሚለው። ለአጭር ነገር የሚተካው የለም። ዕድሜያቸው ከ18 በላይ የሆኑትን ለማጣራት «ኢት ነጥብ ኤጅ» ካልክ በቃ፣ ስም ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

አንተ ግን የግዢ ትዕዛዞቹን በ«ፎርኢች» አንድ በአንድ እየዞርክ፣ በውስጡ ደግሞ የየትዕዛዙን ዕቃዎች በሌላ «ፎርኢች» ትዞራለህ። ሁለቱም ጋ «ኢት» ነው ያልከው። የውስጡ የውጪውን ይሸፍነዋል። ትዕዛዙም ዕቃውም «አይዲ» ስላላቸው ብትሳሳት እንኳ ኮምፓይለሩ ትንፍሽ አይልም፤ የዕቃውን ቁጥር የትዕዛዙ ነው ብለህ ታስቀምጣለህ። የኮትሊን የአጻጻፍ መመሪያም ላምዳ በላምዳ ውስጥ ሲገባ ለፓራሜትሮቹ ስም ስጡ ይላል። «ኦርደር» እና «አይተም» በላቸው፤ የሚጨምርብህ ሁለት ቃል ነው።

«ሌት»ን ከጥያቄ ምልክትና ነጥብ ጋር የተጠቀምክበት ቦታ ግን ግሩም ነው፤ «ነል» (ምንም እሴት የሌለው) ያልሆነውን ብቻ አሳልፎ ያስገባልሃል። እንዳትነካው።

ያን «አፕላይ» ቀይረህ ሞክረውና ውጤቱን ጻፍልኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አክባሪህ ወንድምህ