የባዮሎጂ ላብራቶሪያችን ጣሪያ ወድቋል፤ ማይክሮስኮፖቹ ግን ተርፈዋል፣ እባካችሁ ድረሱልን

ሰላም ለሁላችሁም ከኮሌጃችን የተመረቃችሁ የባዮሎጂ ልጆች። አዲስ አበባም ሁኑ፣ ዲሲም፣ ጂዳም፣ ወይም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ጠመኔ ይዛችሁ የምትውሉ፣ ይህ መልእክት ለእናንተ ነው። የምጽፍላችሁ ለላብራቶሪው መዋጮ በሚሰበስበው ኮሚቴ ስም ነው፤ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጣለው በረዶ የላብራቶሪውን ጣሪያ ግማሹን ይዞት ወርዷል። ቆርቆሮው ድሮም የዛገ ነበር፣ ወራጁን ደግሞ ምስጥ በልቶታል። የማይክሮባዮሎጂ ጠረጴዛዎች ያሉበት ክፍል አሁን ሰማይ ይታይበታል። የቀረውን በሸራ ሸፍነነዋል። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

ሁላችሁም የምታውቋቸው የላብ ቴክኒሺያናችን ጡረታ ወጥተዋል። ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ ድምፁን ሰምተው ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ከጥበቃው ጋር ሆነው ማይክሮስኮፖቹን አንድ በአንድ በጋቢያቸው እየጠቀለሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር አሻገሩ። ዝናቡ አላባራም ነበር። ጠዋት ስንደርስ ጋቢው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወንበር ላይ ተሰጥቷል፣ ማይክሮስኮፖቹ ግን 14ቱም ደርቀው ቆመዋል። እኚህን አባት እግዜር ይስጥልን።

ግን መትረፋቸው ብቻ አይበቃም። አሁን የተቀመጡት እርጥበት ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። ማይክሮስኮፕ እርጥብ ቦታ ሲቀመጥ ሌንሱ ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ እንደ ቀጭን ክር እየተዘረጋ የሚያወጣው አሲድ መስታወቱን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ብትወለውሉትም አይጠራም። 100 እጥፍ የሚያጎላው ሌንስ (ኦብጀክቲቭ) ከተበላሸ ደግሞ ባክቴሪያም የወባ ተሕዋስም በደንብ ማየት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ የምንሽቀዳደመው ከጊዜ ጋር ነው።

የሄርባሪየሙ፣ የደረቁ ዕፅዋት ስብስባችን፣ ነገር ያንገበግበኛል። ከየተራራውና ከየወንዙ ዳር ተለቅመው፣ በጋዜጣ ተጭነው የደረቁት ዕፅዋት ብዙዎቹ በስብሰዋል። በየወረቀቱ ጥግ የሰበሰበው ተማሪ ስም፣ ቦታውና ቀኑ በእጅ ተጽፏል። ስማችሁ ያለበት ብዙዎቻችሁ ናችሁ። የእንዶዷን ወረቀት አግኝቻታለሁ፤ ቀለሙ ፈስሷል፣ ፍሬዋ ግን አሁንም ከግንዷ ጋር ነች።

እንዶድን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ነው። ያዩትን ይዘው ወደ ላብራቶሪ ገቡ፣ ፈተሹት፣ ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ዓመታት ሠሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አገኙ። ስንቱ ሰው በዚያ ወንዝ አልፏል! መልሱ የተገኘው ግን ቀንድ አውጣው በዕቃ ውስጥ ተደርጎ ሲሞከር ነው። የእኛ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር የሚሞክሩበት ክፍል ነው የፈረሰው።

ባለፉት ዓመታት የሠራነውን አትርሱ። እኛ ስንማር አንድ ማይክሮስኮፕ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ተማሪ ነበር፣ ሚቶሲስንም (የሴል ክፍፍልን) ያየነው ሰሌዳ ላይ ነው። እናንተ ባዋጣችሁት ግን ልጆቹ የሽንኩርት ሥር ጫፍ ራሳቸው ቆርጠው፣ በአሲድ አለስልሰው፣ አሴቶካርሚን በሚባል ቀለም አቅልመው፣ በአውራ ጣታቸው ጨፍልቀው 16ቱን ክሮሞዞም ለመቁጠር በቅተዋል። አንዷ ተማሪ ሴሉ ለሁለት ሲከፈል አግኝታ «ኑ እዩልኝ!» ብላ ስትጮህ ክፍሉ በሙሉ ተሰለፈ። ያንን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደሚነሱት ጥያቄዎች። «መጀመሪያ ጣሪያውን ለምን አልሠራችሁም?» ያላችሁ አላችሁ። የመጀመሪያው ዙር ገንዘብ ሲሰበሰብ ለማይክሮስኮፕ ተብሎ ነው የተሰጠው፣ ብዙዎቻችሁም ይህንኑ ጽፋችሁ ነው የላካችሁት። ለዕቃ የተሰጠ ብር ለቆርቆሮ አይዞርም፣ አደራ ነው። «አውቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለው ዕቃ) በዚያ ዋጋ ለምን ተገዛ?» ላላችሁም፣ ከዚያ በፊት ሚዲያ፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚያድግበት ምግብ፣ የሚቀቀለው በቤት ማብሰያ ነበር። የባክቴሪያ ስፖር (ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጹ) ውኃ ስለፈላ ብቻ አይሞትም፤ በግፊት 121 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት። ያ ካልሆነ ተማሪው ሳህኑ ላይ የሚያየው የራሱን ናሙና ይሁን የአየሩን ብክለት አያውቅም። ለኮሚቴ አባል አንድ ብር አበል አልተከፈለም። ትራንስፖርቱም ከየኪሳችን ነው። ደረሰኙ በሙሉ የቴሌግራም ግሩፑ ላይ አለ፣ የፈለገ ገብቶ ያመሳክር።

ሁለተኛው ዙር መዋጮ መሀል ላይ የቆመበትንም ምክንያት ታውቃላችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ነገር ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የኬሚካሉም የስላይዱም ዋጋ አብሮ ተሰቀለ፣ ሰውም ኑሮው ከበደው። ማንንም አንወቅስም። እኛም ደክሞናል፣ እውነቱን ለመናገር፤ ስልክ ደውለን የማይነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ግን ይህን ነገር አሁን ብንተወው እስካሁን የተሠራው አብሮ ይሄዳል።

ኮሌጁን አነጋግረናል። የዘንድሮ በጀት ተይዟል፣ ለጣሪያ የሚሆን የለም ብለዋል። የጉልበት ሠራተኛና የዕቃ ማመላለሻ መኪና ግን ይሰጣሉ፣ ይህም ቀላል አይደለም። ቆርቆሮ፣ ሞራሌ፣ ወራጅ፣ ምስማር፣ ኮርኒስና የግንበኛ ዋጋ ተደምሮ 780 ሺህ ብር ወጥቶለታል። እጃችን ላይ 310 ሺህ አለ። የጎደለን 470 ሺህ ብር ነው። ይሄን ለመቶ ሰው ብታካፍሉት ለእያንዳንዱ 4,700 ብር ነው። ያለው ይጨምር፣ የሌለው 200 ብርም ይላክ፣ እንቀበላለን።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና አለበት። ለፈተናው በቃል መሸምደድ ይቻል ይሆናል። ግን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ነገ ሁለተኛ ደረጃ ገብተው ያስተምራሉ። ጊምሳ በሚባል ቀለም በቀለመ ደም ላይ የፋልሲፓረምን (የአደገኛውን ወባ ተሕዋስ) ቀለበት በዓይኑ ያላየ መምህር ወባ ባለበት ወረዳ ተመድቦ ለተማሪዎቹ ምን ያሳያቸዋል?

እኛ የተማርነው ገበሬው በከፈለው ግብር ነው። ዕዳ አለብን። ክርስቲያን የሆናችሁ ከአስራታችሁ አስቡን፤ መበለቲቱ ያላትን ሁለት ሳንቲም እንደሰጠች እናውቃለን። ሙስሊም ወገኖቻችን፣ የሚጠቅም ዕውቀት ሰው ከሞተም በኋላ አጅሩ የማይቋረጥ መሆኑን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አከፋፈሉን ልብ በሉ። ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስቱ ፈራሚዎች ፊርማ አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩ በተመራቂዎች የቴሌግራም ግሩፕ ከላይ ተሰክቷል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ አስተላልፉ። በግል ስልክ ቁጥር ላኩ የሚላችሁ ካለ የእኛ ሰው አይደለም፣ እባካችሁ እንዳትልኩ። በውጭ ያላችሁም በባንክ በኩል ወደዚያው ሒሳብ አድርጉት፣ ለሰው አትስጡ።

ስትልኩ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ላብ ጣሪያ» ብላችሁ ስማችሁንና የተመረቃችሁበትን ዓመት ጻፉ። ስክሪንሾቱንም ግሩፑ ላይ ለጥፉ፤ ገንዘብ ያዧ በማግስቱ ስማችሁን ዝርዝሩ ላይ ታስገባለች። ካልገባ ዝም አትበሉ፣ ጠይቁን። ግንበኛው ሥራ የሚጀምረው ኅዳር 1 ነው፤ ቆርቆሮው ከዚያ በፊት መገዛት አለበት። ስለዚህ እስከ ጥቅምት 25 ድረስ ላኩልን። አሁንም እደግመዋለሁ፦ ንግድ ባንክ፣ የኮሚቴው ሒሳብ፣ ቁጥሩ ግሩፑ ላይ የተሰካው ብቻ።