ለቆላው ትምህርት ቤታችን ኮርኒስና ጥላ፦ የድጋፍ ጥሪ

ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። ከከተማው እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ላይ ጋቢ የደረበ፣ ታች ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ይጣበቃል። ትምህርት ቤታችን እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። አራቱም ክፍሎች ቆርቆሮ ክዳን ናቸው፤ ኮርኒስ የላቸውም። የአያቶቻችን ሣር ክዳን ቀን ያቀዘቅዝ ነበር። ቆርቆሮው ዝናቡን ይመልሳል፤ ሙቀቱን ግን ቁልቁል ይለቀዋል። ባለፈው ሚያዝያ ከከሰዓት ፈረቃ ልጆች ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ ልቀመጥ ብዬ ራሴን አዞረኝና ወጣሁ። እነሱ በደብተራቸው እያራገቡ ቀሩ።

“ቆላ ድሮስ መቼ በርዶ ያውቃል?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ድሮ ሌሊቱ ያሳርፈን ነበር ይላሉ። ምክንያት አለው። ፋብሪካና የኃይል ማመንጫ የከሰል ድንጋይና ነዳጅ ሲያቃጥሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ምድር ወደ ሰማይ የምትመልሰውን ሙቀት ይይዛል፤ ማታም ቶሎ አትበርድም። ሲሚንቶም አለበት። የኖራ ድንጋይ፣ ያው በሸለቆአችን ገደል ላይ የምናየው ዓይነት፣ እቶን ሲገባ ከማገዶው ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ ጋዙን ይለቃል። ፋብሪካ ሳይስፋፋ በፊት ከሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ያህሉ ይህ ጋዝ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። እንደ ፈረንጆቹ 2024 በመለኪያ ከታወቁት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ሆኖ ተመዝግቧል። አማካዩ ጥቂት ከፍ ሲል፣ አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ክፉ ሙቀት ይደጋገማል፤ ይበረታልም።

ዓለም ከሚያወጣው ከዚህ ጋዝ፣ አፍሪካ በሙሉ ተደምራ የምታወጣው ከመቶ 4 እጅ ያህሉን ነው። የእኛ ልጆች ድርሻማ ምን ይባላል? ይህ ነገር ያንገበግበኛል።

የሩቁን የፋብሪካ ጭስ ከዚህ ሆነን ማጥፋት አንችልም። ክፍሎቹን ኮርኒስ ማልበስ ግን እንችላለን። አንድ ሮቶ መትከል፣ ግቢውን በዋንዛ፣ በሾላና በግራር መክበብም እንችላለን። ችግኝ መትከሉ ቀላል ነው፤ ከፍየል አድኖ በጋውን ማሻገሩ ነው ጭንቁ። አጥርና ውኃ የምንለው ለዚህ ነው። ወላጆች በደቦ ጉድጓዱን ቆፍረዋል፤ ለሮቶው መቆሚያም ድንጋይ አቅርበዋል። የጎደለን ቺፑዱ፣ ሚስማሩ፣ ቧንቧው፣ ሮቶውና የአጥር ሽቦው ነው።

ደብረ ማርቆስም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም ያላችሁ የአገሬ ልጆች፣ 100 ብርም ብትሆን አትናቋት። ገንዘቡ የሚገባው በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም። ደረሰኙ ሁሉ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አናጢ የሆናችሁ ደግሞ አንድ ሳምንት ስጡን፤ ማደሪያና ምግብ በእኛ። ኮርኒሱን መጋቢት ሳይገባ መጨረስ አለብን። ችግኙ ሐምሌን ይጠብቃል።