ያን ስክሪፕት አልጣልከውም አይደል?

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በጣም ተጠፋፋን። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ አጭር ፊልም ነው።

አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ዴቪድ ሊንች ጥር 2017 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ የድሮ ሥራዎቹን እየፈለግሁ አያለሁ። «ዘ አልፋቤት» የሚባለውን አይተኸዋል? በፈረንጆቹ 1968 የሠራው፣ አራት ደቂቃ ገደማ የሚሆን ነው። ያኔ ገና ፊላደልፊያ የሚኖር ወጣት ሠዓሊ ነበር።

መነሻው ቅዠት ነው። ከሚስቱ ከፔጊ ዘመዶች አንዲት ትንሽ ልጅ፣ አንድ ሌሊት በእንቅልፏ እየተሰቃየች ፊደል ትቆጥር ነበር። ሌላ ሰው «አማትቢና ተኚ» ብሎ ያልፈዋል። እሱ ግን ፊልም አደረገው። የተወነችው ፔጊ ራሷ ናት። ፊቷ ነጭ ተቀብቷል፣ አልጋው ነጭ፣ ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ። ትልቁ «ኤ» ትንንሽ «ኤ»ዎችን ይወልዳል። መጨረሻ ላይ አንሶላው በደም ይበከላል። ጭራቅ የለ፣ ገዳይ የለ። የሚያስፈራው ፊደሉ ነው! የኔታ ፊት ተቀምጠን ሀ ሁ ስንል የነበረውን የሆድ መረበሽ አስታወሰኝ።

ገንዘቡስ? አንድ ሰው ለሌላ ሥራ 1,000 ዶላር ሰጥቶት ነበር። ካሜራው ተበላሽቶ ኖሮ፣ የቀረጸው ሁሉ ብዥ ብሎ ወጣ። ሰውየው በቀረው ብር የፈለግከውን ሥራ አለው። በቃ፣ «ዘ አልፋቤት» በዚያ ተሠራ። የሚሰማው የሕፃን ለቅሶ የገዛ ልጁ የጄኒፈር ነው። የቀዳበት ቴፕም ብልሽት ነበረበት፤ እሱ ግን የሚያወጣውን ድምፅ ወደደው። እኔንም ከምስሉ በላይ ያስፈራኝ ድምፁ ነው። ከዚያ ይህንኑ ፊልም ከአዲስ ስክሪፕት ጋር ይዞ ለአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት አመለከተ። 5,000 ዶላር ሰጡት፣ በኋላም 2,200 ጨመሩለት። አንድ ልጅ ከዘር አያት የሚያበቅልበትን «ዘ ግራንድማዘር»ን በዚያ ሠራ።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እህትህ በልጅነቷ ከምታየው ቅዠት ተነስተህ የጻፍከው ስክሪፕት የት ደረሰ? ልጅቷ የትኛውንም በር ስትከፍት፣ እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቡና ስትቆላ የምታገኝበት። ብትጣራ፣ ብትጣራ፣ እናትየው አትዞርም። ያነበብክልኝ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ካሜራ የለም፣ ስፖንሰር የለም ብለህ አስቀመጥከው። ስልክህ ይበቃል። አንድ ክፍል፣ ጥቁር ጨርቅና ምጣድ ነው የሚያስፈልግህ። የቡናውን መንጣጣት ለብቻው ቅዳው፣ ከዚያ ፍጥነቱን ቀንሰህ አዳምጠው። ግማሹ ፊልም እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

እንዳለ ላክልኝ፤ አንብቤ የሚሰማኝን ሳልደብቅ እጽፍልሃለሁ። ለካሜራ ሥራውም አለሁ። እህትህን ብቻ አስቀድመህ አስፈቅዳት፤ ቅዠቱ የእሷ ነው። እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ናፋቂህ