ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ማታ ሄዳችሁ አዳምጡት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ቤት ግዢ የምታወጡትን ጽሑፍ አንድም ሳላስቀር ነው የማነበው። ስለ ውል፣ ስለ ባንክ ብድር፣ ስለ ካሬ፣ ስለ ፊኒሺንግ ብዙ ብላችኋል። ስለ ድምፅ ግን እስካሁን አንድ መስመር አላየሁም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። እኔና ባለቤቴ ያጠራቀምነውን ሁሉ አውጥተን በገዛነው ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት እንቅልፍ አጥተን ኖረናል፤ ነገሩን ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ያን ቤት አንገዛውም ነበር።

መጀመሪያ ያየነው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፎቁ ጭር ብሏል። ትልቁ ሥራ ላይ፣ ትንሹ ትምህርት ቤት። ደላላው አፉን አልዘጋም፤ ቧንቧውን ከፈተ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ እኛም እሱን ተከትለን ሴራሚኩን በእግራችን፣ ግድግዳውን በእጃችን እየዳሰስን ዞርን። ቀለሙ ያምራል። ብርሃኑ ልብ ይሰርቃል። "እስቲ አንዴ ዝም ብለን እንስማ" ያለ ግን ከመሃላችን አልነበረም። ሁለተኛም የሄድነው በቀን ነው። በሦስተኛው ፈረምን።

በገባንበት ዕለት ማታ ከላይ አንድ ከባድ ነገር ተገፋ። ጣሪያው የተሰነጠቀ ነው የመሰለኝ። ቀጥሎ እርምጃ መጣ፣ ዱብ ዱብ እያለ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና፤ ተኝቼ ሰውየው የት ክፍል እንደደረሰ መናገር እችል ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ከራስጌዬ በላይ የሆነ ነገር ዝዝዝ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ዝዝዝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሳምንት ፈጀብኝ። ለካ ወለል ላይ ተቀምጦ የሚንቀጠቀጥ የሞባይል አላርም ኖሯል።

የጎን ግድግዳው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ከዚያኛው ወገን የሚኖሩት ባልና ሚስት ምን እንደሚያጨቃጭቃቸው፣ ማን እንደታመመባቸው፣ ከማን እንደተበደሩ ሳልፈልግ አወቅኩ። ሰው በገዛ ቤቱ ሲያለቅስ ከግድግዳ ማዶ ሆኖ መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ጠዋት ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ደግሞስ፣ እኔ እነሱን ከሰማሁ እነሱም እኛን ይሰሙናል ማለት አይደል? ይህ ከገባን ጀምሮ እኛም በራሳችን ቤት በሹክሹክታ ማውራት ጀመርን። ዕዳ ገብተን የገዛነው ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ሆንን።

በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ቱግ አልኩና ወደ ላይ ወጣሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጇን የታቀፈች ወጣት እናት ናት። በካልሲ ነው የቆመችው። ገና አፌን ሳልከፍት "ይቅርታ፣ ረበሽናችሁ አይደል?" አለችኝና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት ወንበሮች እግራቸው አንድ ሳይቀር በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ታስሯል። ልጁ የሚጫወትበት ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥፎ ተነጥፏል። ይህን ሁሉ ያደረገችው ማንም ሳይነግራት ነው። "እኔም እኮ ከላይ ያሉትን ስሰማ ነው የማድረው" አለችኝ። ልናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ከዚያች ማታ ወዲህ "ማነው የሚረብሸኝ?" ማለቴን ተውኩ። "ድምፁ በየት በኩል ነው የሚመጣው?" ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። የሚያውቁ ሰዎች ጠየቅኩ፣ አነበብኩ፣ ገንዘብ አውጥቼም ሞከርኩ። ያገኘሁትን እነሆ።

ከጎረቤት የሚመጣ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአየር ይመጣል፤ ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ ሙዚቃ፣ የሕፃን ለቅሶ። ሌላው ከምት ይነሳል፤ እርምጃ፣ የሚጎተት ዕቃ፣ የሚላተም በር፣ የወደቀ ማንኪያ። የመጀመሪያውን የሚያቆመው ክብደት ነው። ግድግዳ በከበደ ቁጥር ድምፅ ሊያነቃንቀው ያቅተዋል። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምፅ በግምት በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል። ይህ ብዙ ሊመስል ይችላል። ጆሯችን ግን "አሁን በግማሽ ቀነሰ" የሚለው ወደ 10 ዲሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን ግድግዳ ገዝቶ በኋላ ትንሽ ላወፍረው ማለት ብዙም አያዋጣም። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ደግሞ በራሱ ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው፤ በሁለቱም በኩል በደንብ ሲለሰን ነው ግድግዳ የሚሆነው። እኛ ጋ ልስኑ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው፣ ዓይን የማያየው ክፍል እርቃኑን ነው። የባልና ሚስቱ ወሬ ሲያልፍ የነበረውም በዚያ በኩል ነው።

ምት ሌላ ነገር ነው። ወፍራም ሶሌታ፣ ማለትም በፎቆች መካከል ያለው ኮንክሪት፣ ወሬ አያሳልፍም፤ ተረከዝ ሲያርፍበት ግን ራሱ ይንቀጠቀጥና ድምፁን ወደ ታች ያወርደዋል፣ በተለይ ሴራሚኩ ኮንክሪቱ ላይ በቀጥታ ከተለጠፈ። መድኃኒቱ ከሴራሚኩ ሥር ላስቲክ፣ ቡሽ ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ማንጠፍ ነው። ምንጣፍም ብዙ ይረዳል። ችግሩ ይህ ሥራ የሚሠራው የላይኛው ሰው ወለል ላይ መሆኑ ነው። እኔ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖረኝ የሰው ቤት ወለል አስነስቼ ላስቲክ ማንጠፍ አልችልም። ገዢ ሁሉ ይህችን ቢያውቃት ብዬ እመኛለሁ፤ ቀለም ይቀየራል፣ በር ይቀየራል፣ ኩሽና ፈርሶ ይሠራል፣ ከራስህ በላይ ያለው ወለል ግን ያንተ አይደለም።

የሞከርነውን ልንገራችሁ። በላስቲክ መስቀያ የተንጠለጠለ ኮርኒስ አሠራን፤ ድርብ ጂፕሰም፣ በመሃል የድንጋይ ሱፍ የሚባለው ድምፅ የሚውጥ ጥጥ መሰል ነገር። የጎኑንም ግድግዳ ከኮርኒሱ በላይ እስከ ሶሌታው ድረስ አስለሰንን። የክፍሉ ቁመት ቀነሰ፣ ወጪው ጎዳን። ወሬውና ቴሌቪዥኑ በእውነት ጠፉ፣ ለዚህ ፈጣሪ ይመስገን። እርምጃው ግን ደፈን ብሎ በጎን መጣ፤ ከሶሌታው ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ክፍላችን። አንዱን መንገድ ስትዘጋበት በምሰሶው፣ በቧንቧው፣ ጀርባ ለጀርባ በተገጠሙ ሶኬቶች ይዞራል።

ክፍተትንም አትናቁት። ከአንድ በር ወይም ግድግዳ ስፋት 1 በመቶ የሚሆነው ክፍት ከሆነ፣ የቀረው 99 በመቶ ብረት ቢሆን እንኳ ሁሉም ተደምሮ ከ20 ዲሲቤል በላይ አይከላከልም። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ከሥሩ 2 ሳንቲ ክፍት ሲሆን ልክ 1 በመቶ ማለት ነው። የኮሪደሩ ወሬ እንዴት ሳሎን እንደሚገባ ከዚህ ወዲያ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መስኮትም እንደዚሁ ነው፤ ድርብ መስታወት ጥሩ ነው፣ በመስታወቶቹ መሃል ያለው ርቀት ሲሰፋ ደግሞ የተሻለ ነው፣ ጠርዙ ካልገጠመ ግን ዋጋ የለውም። የሚንሸራተተው ዓይነት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አንድ ወዳጄ "የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት" ብሎኝ ነበር። ሌላው ስፖንጅ አለኝ። ሰው እንዳይከስር ብዬ ነው የምናገረው፤ እነዚህ ድምፅ አይከለክሉም። ስፖንጅ የሚያደርገው ክፍሉ ውስጥ ያለውን ማስተጋባት መዋጥ ነው። ለሙዚቃ መቅጃ ክፍል ይጠቅማል። ከጎረቤት የሚመጣውን ለማቆም ግን ክብደት የሌለው ነገር አይሆንም፣ ከባድና ክፍተት የሌለው ነገር ነው የሚያስፈልገው።

"ይለመዳል" የሚሉኝም አሉ። እኔ እንዳየሁት የሚለመደው እንደ ማራገቢያ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቀጥል ድምፅ ነው። ሲጠፋ ቆይቶ በድንገት የሚመጣውን ሰው አይለምደውም፣ ይጠብቀዋል። ሲጠብቅ ደግሞ አይተኛም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል ሁለት ቁጥር ለይቶ ያስቀመጠውም ያለ ነገር አይደለም፤ ለሚቀጥለው ድምፅ 30 ዲሲቤል፣ ድንገት ለሚመጣው 45 ዲሲቤል። ሰው በተለመደው ሁኔታ ሲያወራ በ1 ሜትር ርቀት 60 ዲሲቤል ገደማ ይሆናል። ግድግዳው ስንት መከላከል እንዳለበት ከዚህ ማሰብ ይቻላል።

እንግዲህ ቤት የምትፈልጉ ሰዎች፣ ማታ ሂዱ። አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ማታ፣ አንድ ጊዜ በእረፍት ቀን። ደላላውን "እባክህ ውጭ ጠብቀን" በሉት። መብራት አጥፉ፣ ስልካችሁን ዝም አሰኙ፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ረጅም ነው፣ ግን ሃያ ሠላሳ ዓመት ለምትኖሩበት ቤት ግማሽ ሰዓት ምንም አይደለም። ግድግዳውን በጣታችሁ አንኳኩት፣ ባዶ ቆርቆሮ ከመሰለ ጠርጥሩ። አልጋው የሚቆምበትን ግድግዳ ለዩና ከጀርባው ምን እንዳለ ጠይቁ፤ ሊፍት ነው? ደረጃ ነው? የጎረቤት መታጠቢያ ነው? የውሃ ፓምፑና ጄኔሬተሩስ የት ነው ያሉት? የመጨረሻው ፎቅ ላይ ከሆነ ከላይ የሚራመድ የለም፣ የሊፍቱ ሞተር ግን እዚያው ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዱን ነዋሪ አቁማችሁ "ማታ ማታ ምን ይሰማችኋል?" በሉት። ሻጭ የማይነግራችሁን ነዋሪ በሁለት ደቂቃ ይነግራችኋል።

ገና ያልተሠራ ቤት የምትገዙ ከሆነ የሚደመጥ ነገር የለም፣ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጠይቁ። በጎረቤትና በእኔ መካከል ያለው ግድግዳ ውፍረቱ ስንት ነው? በሁለቱም በኩል እስከ ሶሌታው ይለሰናል? ከሴራሚኩ ሥር ምን ይነጠፋል? መልሱ ውሉ ውስጥ ይግባ። ይህ ቅንጦት አይደለም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ አዲስ ቤት ሲሠራ በሁለት ቤቶች መካከል ያለው ግድግዳ በአየር የሚመጣን ድምፅ ቢያንስ በ45 ዲሲቤል መቀነስ አለበት፤ በወለል በኩል ወደ ታች የሚሰማው ምት ደግሞ ወለሉን በሚመታ መደበኛ መሣሪያ ሲለካ ከ62 ዲሲቤል መብለጥ የለበትም። ሲገነባ የሚጨመረው ላስቲክና ልስን ወጪው ትንሽ ነው። እኛ በኋላ ያወጣነው ግን ብዙ ነው፣ ያውም ግማሹን ችግር ብቻ ነው የፈታልን።

እናንተንም የምለምነው አለኝ። የቤት ማስታወቂያ ስታወጡ ከካሬውና ከመኝታ ቤቱ ብዛት ጎን የግድግዳውና የወለሉ አሠራር እንዲጻፍ ሻጮችን ጠይቁልን። አንድ መስመር ትበቃለች። ገዢው ሲጠይቅ ነው ሠሪው የሚያስበው፣ ገዢው ደግሞ የሚጠይቀው ሲያውቅ ነው።

እኛ ቤቱን ለሽያጭ አውጥተነዋል። የመጀመሪያው ገዢ ሲደውሉ "ማታ 3 ሰዓት ላይ ይምጡ" አልኳቸው። ደላላው ተቆጣኝ፣ "ምን ነካህ፣ ጠዋት ነው እንጂ!" አለኝ። ሰውየው ግን መጡ። መኝታ ቤቱ ውስጥ መብራት አጥፍተን ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ሁለታችንም ሳንናገር። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ልጁ ከጥግ እስከ ጥግ ሮጠ። ሰውየው ወደ ጣሪያው ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ እጄን ጨበጡና "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው ሄዱ። ቤቱ አሁንም አልተሸጠም። የሚቀጥለውም ገዢ የሚመጡት ማታ ነው።

ከአንድ አንባቢያችሁ